ቤትን ለልጅ ማስተላለፍ፦ ስጦታ፣ ኑዛዜ፣ ሽያጭ ወይስ ውርስ? ለወሎ ቤተሰቦች የተዘጋጀ ንጽጽር

አባቴ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ያለውን ቤት ለታናሽ እህቴ ሊተውላት ፈልጎ ነበር። ፍላጎቱን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። እናታችን ካረፈች በኋላ ሰባት ዓመት ሙሉ ከጎኑ ሆና ያስታመመችው፣ ስኳሩን የለካችው፣ ሌሊት ተነስታ ያገላበጠችው እሷ ናት። ኑዛዜም አጽፎ ነበር። ካረፈ በኋላ ወረቀቱ ሲታይ የፈረሙት ምስክሮች ሦስት ብቻ ሆነው ተገኙ፤ ኑዛዜው በእሱና በምስክሮቹ ፊት መነበቡን የሚገልጽ ቃልም የለበትም። ከወንድሞቼ አንዱ ተቃወመ፤ ፍርድ ቤቱም ኑዛዜው ፈራሽ ነው አለ። ቤቱ ለአራት የሚከፈል ስላልሆነ ተሸጠ። እህቴ ዛሬ የምትኖረው በኪራይ ቤት ነው።

ይህን መመሪያ የምጽፈው ሌላ አባት ያንኑ ስህተት እንዳይሠራ ነው። «ቤቱን በስሜ አዙሩልኝ» የሚለው ጥያቄ ደሴም፣ ኮምቦልቻም፣ ወልድያም፣ ሐይቅም፣ መካነ ሰላምም አለ። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሳይቀዳ ወሬው ወደ ካርታው ይዞራል። መልሱን የሚሰጠው ግን ብዙ ጊዜ ጎረቤት ነው። አንዱ «ስጧት፣ ይገላግላል» ይላል፤ ሌላው «ሽጡላት፣ ሽያጭ አይፈርስም» ይላል፤ ሦስተኛው «ውክልና ስጧት፣ በቃ» ይላል። ሦስቱ ወረቀቶች የተለያየ ቦታ ያደርሳሉ፤ ከሦስቱ አንዱ ደግሞ ቤት አያስተላልፍም።

ከሁሉ በፊት፦ የምታስተላልፉት ነገር የእናንተ ነው?

የቀበሌ ቤት ከሆነ ንጽጽሩ እዚህ ላይ ያበቃል። በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤቶች የመንግሥት ከሆኑ ወዲህ በኪራይ የተያዘ ቤት ዓርባ ዓመት ቢኖሩበትም፣ ጣሪያውን በራስ ገንዘብ ቢቀይሩትም፣ አይሰጥም፤ አይናዘዙበትም። የራስ ቤት ቢሆንም መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 የግል ንብረት ያደረገው በላዩ የተሠራውን ነው። ስለዚህ የሚተላለፈው ቤቱና በመሬቱ የመጠቀም መብቱ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣውን ብዙ አባቶች ሲሰሙት ይደነግጣሉ። በትዳር ውስጥ የተሠራ ወይም የተገዛ ቤት የባልና ሚስት የጋራ ነው፤ የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 79/1995) የሚከተለውም ይህንኑ ነው። ካርታው በአባት ስም ብቻ መሆኑ ይህን አይለውጠውም። እናት ሳትስማማ አባት ቤቱን መስጠትም መሸጥም አይችልም፤ ቢናዘዝም የሚናዘዘው በግማሹ ብቻ ነው። አንደኛው ወላጅ ቀድሞ ከሞተ ደግሞ የሟች ግማሽ ያለ ኑዛዜ ለልጆቹ ሁሉ እኩል ወርዷል። በእኛ ቤት የሆነው ይህ ነው፦ የእናታችን ግማሽ የአራታችን ሆኖ ሳለ አባቴ መላውን ቤት የእሱ ብቻ አድርጎ ይቆጥር ነበር።

የባንክ ዋስትና ወይም የፍርድ ቤት እገዳ ያለበት ቤት ስሙ አይዛወርም፤ ዕዳው ወይም ክርክሩ ቀድሞ ማለቅ አለበት። ቤቱ ያለው በገጠር መሬት ላይ ከሆነ፣ ለምሳሌ ቃሉ ወይም ተሁለደሬ በይዞታ ደብተር በተያዘ ጓሮ፣ ጉዳዩ የሚያልፈው በወረዳው የገጠር መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ነው፤ የክልሉ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 252/2009 ተቀባዩ ማን ሊሆን እንደሚችል የራሱ መስፈርት አለው። ከዚህ በታች የምጽፈው በዋናነት ካርታ ያለውን የከተማ ቤት ይመለከታል።

በምን እንመዝናቸው?

ሰዎች መጀመሪያ የሚጠይቁት «የትኛው ይረክሳል?» ብለው ነው። እኔ ወጪን መጨረሻ ላይ አስቀምጠዋለሁ።

የመጀመሪያው መመዘኛ የወላጅ ጣሪያ ነው፦ እናት ከፈረመች በማግስቱ ማንም «ውጪ» ሊላት የማይችልበት ሕጋዊ መብት አላት? በልጅ ፍቅር ላይ የቆመ ተስፋ መልስ አይሆንም። ልጁ ደግ ቢሆንም ዕዳ ሊይዘው፣ ሊሞት፣ ትዳሩ ሊፈርስ ይችላል።

ሁለተኛው መመለስ ነው፤ ሐሳብ ቢቀየር ወረቀቱ ይቀየራል? ሦስተኛው ጽናት ነው፤ ሌሎቹ ልጆች ፍርድ ቤት ቢሄዱ ይቆማል? አራተኛው ቤቱ ልጁ እጅ ከገባ በኋላ የሚገጥመው ነው፤ ትዳር፣ አበዳሪ፣ ሞት። አምስተኛው ወጪው ሲሆን በእሱ ውስጥ የመሬቱ ሥሪት፣ ማለትም ቦታው በነባር ይዞታ ወይም በሊዝ መያዙ፣ አለ። ይኸኛው በአገራችን ከቴምብሩ ይልቅ ሊከብድ ይችላል፤ ወረድ ብዬ እመለስበታለሁ።

ስጦታ

ስጦታ ቤቱን ዛሬ ያስተላልፋል። ወላጅ በሕይወት ሳለ ልጁ በስሙ ካርታ ይይዛል፤ ወላጁ ሲሞት ያ ቤት በውርስ ሀብቱ ውስጥ የለም። ሰው ስጦታን የሚመርጠው ለዚህ ነው።

አወጣጡ ግን ብዙዎች እንደሚያስቡት ቀላል አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2443 የማይንቀሳቀስ ንብረት ስጦታ በግልጽ በሚደረግ ኑዛዜ አሠራር ካልተደረገ አይጸናም ይላል። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ ማለት በአንቀጽ 881 መሠረት በሰጪውና በአራት ምስክሮች ፊት የተነበበ፣ ይህ መፈጸሙና ቀኑ በሰነዱ ላይ የተጻፈበት፣ ሁሉም እዚያው የፈረሙበት ነው። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ሰነድ አረጋጋጭ ከሆነ ሁለት ምስክር ይበቃል (አንቀጽ 882)። በሁለት ጎረቤት ፊት በደብተር ወረቀት ላይ የተጻፈ የቤት ስጦታ የቤተሰብ መልካም ፈቃድ እስካለ ብቻ የሚቆይ ወረቀት ነው።

ከትዳር አንፃር ስጦታ ለልጁ ይመቻል። በስጦታ ወይም በውርስ የተገኘ ንብረት የተቀባዩ የግል ሀብት ስለሆነ ልጃችሁ ብትፋታ ባልዋ ቤቱን አይካፈልም። አበዳሪ ግን ሊይዘው ይችላል። ልጅ ከወላጅ ቀድሞ ከሞተም ቤቱ ወደ ልጅ ልጆቹ ይወርዳል፤ እነሱ ሕፃናት ከሆኑ ንብረቱን የሚያስተዳድርላቸው በሕይወት ያለው ወላጃቸው ነው። በሌላ አነጋገር አያት በራሷ ሳሎን ውስጥ ተቀምጣ የቤቷን ነገር ከምራቷ ጋር ልትነጋገር ነው። ምራቷ መልካም ሰው ልትሆን ትችላለች፤ ልታገባም ትችላለች።

መመለስስ? ተቀባዩ በሰጪው ላይ ከባድ በደል ሲፈጽም ስጦታ የሚሻርበት አግባብ በሕጉ አለ። ያም ሆኖ እናት የገዛ ልጇን ከስሳ፣ በደሉን አስረድታ፣ ማሸነፍ አለባት። በሰባ ዓመቷ ይህን የምታደርግ እናት እኔ አላየሁም። ዝም ብለው ያዝናሉ እንጂ አይከሱም።

ስለዚህ ሌላ መጠለያ ለሌለው ወላጅ ባዶ ስጦታ፣ ማለትም ምንም መብት ያላስቀረ ስጦታ፣ አልመክርም። ልጁ የቱንም ያህል የተመሰገነ ቢሆን።

ስጦታ ከአላባ ጋር

ሕጉ መፍትሔ አስቀምጧል፤ ሰው ስለማይነግረው ግን ጥቂቶች ይጠቀሙበታል። ከአንቀጽ 1309 ጀምሮ ያለው «አላባ» የሚባለው መብት የባለቤትነቱን ስም ለአንዱ፣ በቤቱ የመኖርና ፍሬውን የመሰብሰብ መብትን ለሌላው ይለያል። እናት ቤቱን ለልጇ ትሰጣለች፤ በሕይወት እስካለች ግን በዚያው ትኖራለች፤ የአጥር ግቢውን ሰርቪስ ክፍል ካከራየችም ኪራዩ የሷ ነው። ስትሞት መብቱ ያበቃል፤ ቤቱም ሙሉ በሙሉ የልጁ ይሆናል።

በውሉ ውስጥ የሚገባው ቃል ረጅም አይደለም፦ «ቤቱን ለልጄ ስሰጥ በሕይወት እስካለሁ ድረስ በቤቱ የመኖርና ኪራዩን የመሰብሰብ የአላባ መብቴን ለራሴ አስቀርቻለሁ።» ይህ ዓረፍተ ነገር በውሉ ላይ ብቻ መቅረት የለበትም። ስሙ ሲዛወር አላባው በማዘጋጃ ቤቱ የቤቱ ማኅደር ላይ እንዲመዘገብ በጽሑፍ ጠይቁ፤ ቤቱን ሊገዛ ወይም በዋስትና ሊይዝ የሚመጣ ሰው እንዲያየው ነው። ባልና ሚስት ሁለቱም በሕይወት ካሉ አላባው የሁለቱም ሆኖ፣ አንዱ ቢሞት በቀሪው እንደሚቀጥል ይጻፍ።

እዚህ ላይ አንድ መስመር ጨምሩ፦ ይህ ስጦታ ወደፊት ከልጁ የውርስ ድርሻ ላይ ይታሰባል ወይስ አይታሰብም? ሌሎቹ ልጆች «ከድርሻው ይቆጠርበት» ብለው የሚከራከሩት በዚህ ነው። የወላጅ ቃል በጽሑፍ ካለ ክርክሩ ያጥራል።

ኑዛዜ

ኑዛዜ በሕይወት ዘመን ምንም አያስተላልፍም፤ ጉልበቱም ይኸው ነው። ቤቱ እስከ መጨረሻው ቀን የወላጅ ነው፤ ኑዛዜውን መሻርና መለወጥ ይቻላል፤ የልጁ አበዳሪ አይነካውም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት መመዘኛዎች የሚወዳደረው የለም። በሦስተኛው፣ በጽናት፣ ግን ብዙ ኑዛዜ ይወድቃል። ስለዚህ እዚህ ላይ ረዘም ብዬ ልቆይ።

ዓይነቱ ሦስት ነው። በግልጽ የሚደረገውን ከላይ አይተነዋል፦ አራት ምስክር፣ ንባብ፣ ቀን፣ ፊርማ። ሁለተኛው ተናዛዡ በገዛ እጁ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚጽፈው ነው፤ ኑዛዜ መሆኑን ይገልጻል፣ ቀን ይጻፍበታል፣ ይፈረማል (አንቀጽ 884)፤ ምስክር አያስፈልገውም። ከወረቀትና ከእስክሪብቶ በቀር ወጪ የለውም፤ መጻፍ ለማይችል ወላጅ ግን አይሆንም። በተጻፈ በ7 ዓመት ውስጥ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ወይም ሰነድ አረጋጋጭ ዘንድ ካልተቀመጠም ዋጋ ያጣል። ብዙ አባቶች በእጃቸው የጻፉትን ከቁርዓኑ ወይም ከዳዊቱ መሐል አስቀምጠው ዓሥር ዓመት ይኖራሉ።

ሦስተኛው የቃል ኑዛዜ ነው። በወሎ አልጋው ዙሪያ ሽማግሌ ተሰብስቦ «ቤቱን ለእገሊት ብያለሁ» ማለት ትልቅ ክብር ያለው ነገር ነው፤ በቤተሰብ ዘንድ ቃሉ ይከበር ይሆናል። በሕግ ፊት ግን የቃል ኑዛዜ ስለ ቀብር ሥርዓት፣ ስለ ሕፃናት አሳዳሪነትና እያንዳንዱ ከ500 ብር ላልበለጠ ስጦታ ብቻ ነው (አንቀጽ 893)። በ500 ብር ቤት አይተላለፍም።

ባልና ሚስት በአንድ ወረቀት መናዘዝ አይችሉም፤ አንቀጽ 858 የጋራ ኑዛዜን አይቀበልም። አባትና እናት ሐሳባቸው አንድ ቢሆንም ሁለት ሰነድ ያስፈልጋል፤ እያንዳንዳቸው ስለ የራሳቸው ግማሽ።

አሁን ወደ ድርሻ እንምጣ። ልጅን ከውርስ መንቀል የሚቻለው በኑዛዜው ላይ በቂ ምክንያት ተጽፎ ብቻ ነው። ሳይነቅሉም ለአንዱ አብዝቶ ለሌላው ማሳነስ ልክ አለው፤ የደረሰው ከሚገባው ከሩብ በላይ የጎደለበት ልጅ ክፍፍሉን መቃወም ይችላል (አንቀጽ 1123)። በቁጥር እንየው። ቤቱ 4,000,000 ብር ያወጣል እንበል፤ እናት በሕይወት አለች፤ ልጆቹ አራት ናቸው። የአባት ግማሽ 2,000,000 ነው፤ ያለ ኑዛዜ ለእያንዳንዱ ልጅ 500,000 ይደርሰዋል። አባት ለጧሪዋ ልጁ ሊያዳላ ይችላል፤ ሌሎቹ ሦስቱ ግን እያንዳንዳቸው ከ375,000 ብር በታች ከደረሳቸው የሚከራከሩበት መሠረት አላቸው። ሦስቱን 375,000 ቢያደርስ ለጧሪዋ 875,000 ይቀርላታል። ሌላ ንብረት፣ ከብት፣ ሱቅ፣ በባንክ ያለ ገንዘብ ካለ ለሌሎቹ ከዚያ አድርሶ ቤቱን ለአንዷ ማቆየት ይቻላል። ከቤቱ በቀር ምንም ከሌለ ግን «ቤቱ በሙሉ ለእሷ» የሚል ኑዛዜ ሌሎቹ ካልተስማሙ በቀር ተጋላጭ ነው። የተስማሙ ከሆነ አባት በሕይወት ሳለ ይሰብስባቸውና በፊቱ ይናገሩ።

ወላጅ ካረፈ በኋላ ልጁ የወራሽነት ማስረጃውን ከፍርድ ቤት (አንቀጽ 996) አውጥቶ ማዘጋጃ ቤት ይሄዳል። «ኑዛዜ አለኝ» ብሎ መተኛት ያስቀጣል፤ ወራሽ መብቱንና ንብረቱ በሌላ ሰው መያዙን ካወቀበት ጀምሮ ክስ የሚያቀርብበት ጊዜ 3 ዓመት ነው (አንቀጽ 1000)።

ለልጅ መሸጥ

«ሽያጭ አይፈርስም» የሚሉት ገንዘብ በእውነት ከተከፈለ ልክ ነው። የቤት ሽያጭ በጽሑፍ ሆኖ በሚመለከተው አካል ፊት ይረጋገጣል፤ ለሦስተኛ ወገን መቃወሚያ የሚሆነውም ሲመዘገብ ነው። ብር ያልተከፈለበት ሽያጭ ግን የይምሰል ውል ይባላል፤ ሌሎቹ ልጆች ይህን ካስረዱ ወረቀቱ ይወድቃል። ሌላም አለ፦ በትዳር ውስጥ በገንዘብ የተገዛ ቤት የጋራ ሀብት ነው። ባለትዳር ለሆነች ልጃችሁ በይምሰል «ስትሸጡላት» ሳታስቡት ግማሹን ለባልዋ ትሰጣላችሁ፤ በስጦታ ቢሆን የሷ ብቻ ይሆን ነበር። የካፒታል ጥቅም ግብር ጥያቄም የሚነሳው በሽያጭ ነው። እኔ ሽያጭን የምመክረው ልጁ እውነተኛ ዋጋ ሲከፍልና ብሩ በባንክ ሲተላለፍ ብቻ ነው።

ውክልና

ውክልና ቤት አያስተላልፍም። ልጁ በወላጅ ስም እንዲሠራ የሚያስችል ሥልጣን ነው፤ ወካዩ ሲሞት ያበቃል። ለመሸጥ የሚያስችል ልዩ ውክልና ለልጅ መስጠት ደግሞ ቤቱን ሳያስተላልፉ የመሸጥ ሥልጣን አሳልፎ መስጠት ነው። ግብር ለመክፈል፣ ፋይል ለማውጣት፣ ካርታ ለማሳደስ ይጠቅማል፤ ወሰኑ በጽሑፍ ይጠበብ።

ዝም ብሎ መተው

ልጆቹ ጥቂት ከሆኑ፣ ከተስማሙ፣ ማንም የተለየ ውለታ ካልዋለ፣ ሕጉ ራሱ ይበቃል፦ ወንድ ሴት ሳይል እኩል (አንቀጽ 837 እና 842)። አንዱ ልጅ ቤቱን የሚፈልግ ከሆነ የሌሎቹን ድርሻ ይገዛል። ማስተዋል የሚያሻው የትዳር ጓደኛ ነገር ነው፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ባል ወይም ሚስት ያለ ኑዛዜ ወራሽ አይደሉም። እናት ያላት የራሷ ግማሽ ነው፤ በቀሪው ግማሽ ላይ ከልጆቿ ጋር የጋራ ባለቤት ትሆናለች። ከልጆቹ አንዱ «ይሸጥና ድርሻዬን» ካለ በስተርጅናዋ ቤቷን ልታጣ ትችላለች። ስለዚህ አባት ለሚስቱም በኑዛዜ አላባ ቢተውላት መልካም ነው።

የመሬቱ ሥሪትና ወጪው

ስለ መሬቱ ሥሪት ቃል የገባሁትን እዚህ ልፈጽም። ነባር ይዞታ የሚባለው ከሊዝ ሥርዓት በፊት የተያዘ ቦታ ነው፤ ሊዝ ደግሞ ቦታን ለተወሰነ ዘመን በክፍያ ከመንግሥት መያዝ ነው። የከተማ ቦታ ሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 በአንቀጽ 6 እንደሚለው በነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ለሌላ ሰው ሲተላለፍ ተቀባዩ መሬቱን የሚይዘው በሊዝ ነው። የደሴና የኮምቦልቻ መሐል ከተማ ብዙ አሮጌ ግቢ ነባር ይዞታ ነው። ልዩነቱ ይህ ነው፦ በስጦታ ወይም በሽያጭ ካለፈ የሊዝ ክፍያ ጥያቄ ይመጣል፤ በውርስ ካለፈ ነባርነቱ ይቀጥላል። ስጦታ ከመፈረማችሁ በፊት በካርታችሁ ላይ «ነባር» ወይም «ሊዝ» የሚለውን ተመልከቱ፤ ለልጅ በስጦታ ሲዛወር ስሌቱ በብር ስንት እንደሚሆን ከማዘጋጃ ቤታችሁ የይዞታ ክፍል አስቀድማችሁ ጠይቁ። ይህን አንድ ጥያቄ መጠየቅ ብቻ ምርጫችሁን ሊቀይረው ይችላል።

የቴምብር ቀረጥ አዋጁ (ቁጥር 110/1990) ለንብረት ባለቤትነት ሰነድ ከዋጋው 2 በመቶ አስቀምጧል። በ3,000,000 ብር ግምት 60,000 ብር ማለት ነው፤ ግምቱን የሚያወጣው ማዘጋጃ ቤቱ ነው። ያልተከፈለ የቦታ ኪራይና የቤት ግብር ካለ ስም አይዛወርምና ደረሰኞቻችሁን ከወዲሁ ሰብስቡ።

ሸሪዓ ፍርድ ቤትና የተቀላቀለ ቤተሰብ

በወሎ በአንድ ማዕድ እስላምና ክርስቲያን ወንድማማች መቀመጣቸው ብርቅ አይደለም፤ ስለ ውርስ ሲታሰብ ግን ቀድሞ መታሰብ ያለበት ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34(5) የግልና የቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ሕግ እንዲዳኝ ይፈቅዳል፤ ግን ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ ነው። በሸሪዓ የወንድ ልጅ ድርሻ የሴቷ እጥፍ ነው፤ ወሲያ (ኑዛዜ) ከሀብቱ ሲሶ አይበልጥም፤ ሌሎቹ ወራሾች ካልተስማሙ ደግሞ ለወራሽ አይደረግም። የተለየ ሃይማኖት ያለው ልጅ በውርስ አይገባም፤ በሕይወት ሳሉ በሚሰጥ ሂባ ወይም በሲሶው ወሲያ ግን መስጠት ይቻላል። ሂባ የሚጸናው ተቀባዩ ሲረከበው ነው።

ስለዚህ አባት ሙስሊም፣ አንዱ ልጅ ክርስቲያን በሆነበት ቤት «ኋላ ይስማማሉ» ብሎ መተው ያንን ልጅ አደጋ ላይ መጣል ነው። ሂባውን በሃይማኖቱ ሥርዓት ብቻ ሳይሆን በአንቀጽ 2443 አሠራርም ጻፉት፤ ሁለቱም ዘንድ እንዲቆም። ሽማግሌዎችን ወይም አበጋሮችን (የወሎ ባህላዊ አስታራቂዎችን) ጥሩ፤ ዱዓውም ምርቃቱም በነሱ ፊት ይሁን። የሽማግሌ ፊት ሰውን ከክስ የሚመልሰውን ያህል ወረቀት አይመልሰውም፤ ወረቀቱ ግን ሽማግሌው ባለፈ ጊዜም ይኖራል።

በአንድ ሰንጠረዥ

| አማራጭ | የወላጅ ጣሪያ | መመለስ | ከልጆች ክርክር | የልጁ ትዳር/ዕዳ | ነባር ይዞታ | የዛሬ ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ባዶ ስጦታ | ዋስትና የለውም | በክስ ብቻ | ሥርዓቱ ከተሟላ ይጸናል | ከፍቺ ይድናል፣ ከዕዳ አይድንም | ወደ ሊዝ | ከፍተኛ |
| ስጦታ ከአላባ ጋር | ዕድሜ ልክ | በክስ ብቻ | ሥርዓቱ ከተሟላ ይጸናል | አላባው ለወላጅ ይቀራል | ወደ ሊዝ | ከፍተኛ |
| ኑዛዜ | ሙሉ | በማንኛውም ጊዜ | የሩብ ገደቡና ሥርዓቱ ወሳኝ | እስከ ሞት አይነካም | ይቀጥላል | ዝቅተኛ |
| እውነተኛ ሽያጭ | በውሉ ካልተጻፈ የለም | አይመለስም | ጠንካራ | የባልና ሚስት የጋራ ይሆናል | ወደ ሊዝ | ከፍተኛ |
| ውክልና | ለመሸጥ ከሆነ አስጊ | ይሻራል | አያስተላልፍም | አይመለከተውም | አይነካም | አነስተኛ |
| ያለ ኑዛዜ ውርስ | እስከ ሞት ሙሉ፤ ለቀሪው ባል/ሚስት ግማሽ | አይመለከተውም | እኩል፣ ብዙ ጊዜ ሽያጭ | ከፍቺ ይድናል | ይቀጥላል | የለም |

ለማን የትኛው?

ቤቷ ይህ አንድ ብቻ የሆነ፣ ጡረታዋ ትንሽ የሆነች እናት፦ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ። ወጪው አነስተኛ ነው፤ ነባር ይዞታው አይነካም፤ ቤቷም በእጇ ነው። ሌሎቹ ልጆች እንደማይስማሙ ካወቀችና ጧሪዋ ልጇ እንዳትበደል ከፈለገች ግን ወጪውን ችሎ ስጦታ ከአላባ ጋር ይሻላል። እኛ ቤት ዛሬ ቢሆን ኖሮ ይህንን እመርጥ ነበር።

ሌላ ቤት ወይም በቂ ገቢ ያላቸው፣ ልጃቸውን በሕይወት ሳሉ ማቋቋም የሚፈልጉ ወላጆች ስጦታ ይስጡ፤ ለሌሎቹ ልጆች ያደረሱትንም በዚያው ሰሞን በጽሑፍ ያስቀምጡ።

ገንዘብ ጨርሶ የሌለው፣ መጻፍ የሚችል አባት ዛሬ ማታ በእጁ ኑዛዜ መጻፍ ይችላል። ነገ ወስዶ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ያስቀምጠው።

የመጨረሻው በወሎ የበዛው ነው። ልጅቱ ሳዑዲ ወይም ቤይሩት ሠርታ በላከችው ብር ቤቱ ተሠርቷል፤ ካርታው በአባት ስም ነው። አባት «የልጄ ነው» ይላል፤ ወንድሞችም ይላሉ፤ አባት ሲሞት ግን በሕግ የአባት ሀብት ሆኖ ይገኛል። አንቀጽ 1195 ባለ ካርታውን ባለቤት አድርጎ ይገምታል፤ ያንን ማፍረስ የሷ ሸክም ነው። አባት በሕይወት ሳለ ስሙ ወደ እሷ ይዙር፤ ወላጆቹ የሚኖሩበት ከሆነ አላባው ለነሱ ይቅር። ለእረፍት እስክትመጣ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ባለችበት ከኤምባሲ ለምታምነው ሰው ስጦታውን የሚቀበልላትና ስም የሚያዛውርላት ውክልና ትላክ። የውጭ ዜግነት ከወሰደች ደግሞ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ (አዋጅ ቁጥር 270/1994) ትያዝ፤ በእሱ ቤት በስሟ መያዝ ትችላለች። የባንክና የሐዋላ ደረሰኞቿን አትጣላቸው። እስካሁን ስሙ ካልዞረ ማስረጃዋ እነሱ ናቸው።

በፊርማው ቀን

ኑዛዜም ሆነ ስጦታ ሲፈረም ወረቀቱን ያዙና እነዚህን ፈልጉ። አራት የምስክር ስምና ፊርማ፣ ወይም ዳኛ አሊያም አረጋጋጭ ያለበት ሁለት። «ይህ ሰነድ በእኔና በአራቱ ምስክሮች ፊት ተነበበ» የሚል ቃል። ቀን፣ ወርና ዓመተ ምሕረት። የቤቱ ካርታ ቁጥርና ቀበሌ። የባልና የሚስት ፊርማ፣ ወይም ሁለት የተለያየ ኑዛዜ። ተጠቃሚው ልጅ፣ ባሉ ወይም ሚስቱ ከምስክሮቹ መካከል አይኑሩ። ወላጅ ታሞ ከነበረ የሐኪም ወረቀት አያይዙ፤ «አእምሮው ልክ አልነበረም» የሚለው ክስ የሚመጣው በዚያ በኩል ነው። አንድ ቅጂ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት፣ አንድ ከወላጅ ጋር፣ አንድ ከሽማግሌዎቹ ዘንድ።

የአባቴን ኑዛዜ ያረቀቀው ሰው አንድ ምስክርና አንድ ዓረፍተ ነገር ቀረው። ውሉን ለሚጽፍላችሁ ሰው ይህን ገጽ አሳዩትና መስመር በመስመር አብራችሁ ተመልከቱ።